አክስቴ ወረንጦዋን እንድትጥለው

አክስቴ በነጠላዋ ጫፍ ወረንጦ ቋጥራ ነው የምትዞረው። ጧት ጧት ደጃፍ ፀሐይ ላይ ቁጭ ትልና የልጅ ልጇን ትጠራለች። «ነይ እስቲ ንቀይልኝ!» ልጅቷ የዓይኗን ፀጉር አንድ በአንድ ትለቅምላታለች። ሳምንታት ቆይቶ መልሶ ይበቅላል፤ አጠር ብሎ፣ እንደ እሾህ ጠንክሮ። አጠገቧ የሚቀመጡትን ሽማግሌ ጎረቤታችንን ደግሞ ምንም አያማቸውም። ሰው የሚለዩት ግን በድምፁ ነው። ሁለቱንም ብትጠይቋቸው መልሳቸው አንድ ነው፦ «እርጅና ነው ልጄ።»

አይደለም። የአክስቴ ትራኮማ ነው። ከልጅነት ጀምሮ ሲመላለስባት የዓይን ቆቧን ከውስጥ ጠባሳ ጥሎበት ወደ ውስጥ አጠፈው፤ ፀጉሩ ዓይኗን ይፍቃል። በማደንዘዣ ቆቡን ወደ ውጭ የሚመልስ ቀላል ቀዶ ሕክምና አለ፤ የሠለጠነ ነርስ ጤና ጣቢያ ላይ ይሠራዋል። የጠፋውን ብርሃን አይመልስም፤ የቀረውን ግን ያተርፋል።

የጎረቤታችን የዓይን ሞራ ነው። በ1998 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉን ያመጣው እሱ ነበር። ሞራን የሚያጠራ ጠብታ የለም። ቅጠል ጨምቆ ማንጠብጠብማ ጭራሽ ዓይንን ሊያጠፋ ይችላል። የደፈረሰው ሌንስ ወጥቶ ሰው ሠራሽ ይገባል፤ ብዙዎች በማግስቱ ፋሻው ሲፈታ ያያሉ።

እኔ የምፈራው የዓይንን ነርቭ የሚጎዳውን በሽታ፣ ግላኮማን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሳያም፣ ሳያቀላ እይታን ከዳር ከዳር ይበላል። የበላውን አይመልስም። በጊዜ ከተደረሰበት ግን በጠብታ ይያዛል።

አምና እኛ የማኅበሩ ሰዎች ይህን ሳንለይ ዓይኑን የታመመውን ሁሉ በአንድ አውቶቡስ ጭነን ወደ ዓይን ሕክምና ዘመቻ ሄድን። ዘመቻው የሞራ ብቻ ኖሯል! አክስቴ ወረንጦዋን ይዛ ተመለሰች። ጥፋቱ የእኛው ነው፤ ቀድመን አልጠየቅንም።

ዘንድሮ መጀመሪያ የዓይን ነርስ ቀበሌያችን ድረስ እንወስዳለን። ማን ጤና ጣቢያ፣ ማን ሆስፒታል እንደሚሄድ፣ ማን ደግሞ መነጽር ብቻ እንደሚበቃው ትለያለች። በዘመቻ ቀዶ ሕክምናው በነጻ ነው፤ ሰው የሚቀረው በመንገዱ ነው። የምንሰበስበው ለመኪና ኪራይ፣ ለነርሷ አበል፣ ለአስታማሚ ማደሪያና ምግብ፣ ለመነጽር ነው። ከ200 ብር ጀምሮ የቻላችሁትን አዋጡ። የሒሳብ ቁጥሩ የማኅበራችን ቴሌግራም ላይ አለ፤ ደረሰኙን እዚያው ለጥፉት፤ ወጪውንም እዚያው እናሳያችኋለን።

ባሕር ዳር ያላችሁና መኪና ያላችሁ፣ ቅዳሜ አብራችሁን ውጡ። መንገዱን ታውቁታላችሁ፤ ቪትዝ አይሞክረውም። ፒካፕ ያለው ይደውል።