የቤት ማሳያችን ቁልፎች ለምን እንዲህ ሆኑ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፤

ጉዳዩ፦ በስሪዲ የቤት ማሳያችን ላይ ያሉትን የመንቀሳቀሻና የመምረጫ ቁልፎች ይመለከታል

ገና ያልተገነባ አፓርታማ ለገዢ የምታሳዩበትን የስሪዲ ማሳያ ከተረከባችሁ ወዲህ ሁለት ጥያቄዎች ደጋግመው ይደርሱናል። አንደኛው «ገዢው እንደ ጌም በፈለገው አቅጣጫ ለምን አይበርም?» ሁለተኛው ደግሞ «ሶፋውን አንስተን ለምን እንደልባችን አናገላብጠውም?» የሚል ነው። ሁለቱንም መፍቀድ ለእኛ ቀላሉ መንገድ ነበር። የተውነው አስበንበት ስለሆነ ምክንያቱን ልናስረዳችሁ ይገባል።

አንድ ዕቃ በክፍል ውስጥ በስድስት ዓይነት መንገድ ይንቀሳቀሳል። ወደ ግራና ቀኝ፣ ወደ ላይና ታች፣ ወደ ፊትና ኋላ ይሄዳል፤ በእነዚሁ ሦስት መስመሮች ዙሪያም ይዞራል። ማውዝም ሆነ በስልክ ስክሪን ላይ የሚጎተት ጣት ግን አግድምና ቁመት ብቻ ነው ያለው። የቀሩትን አራቱን ማን ይወስን? አርክቴክቶች የሚሠሩባቸው ፕሮግራሞች ዕቃው ላይ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ቀስቶች ያወጣሉ፤ እያንዳንዱ ቀስት ለአንድ አቅጣጫ ነው። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ለሚውል ባለሙያ ጥሩ መሣሪያ ነው። ቤት ሊያዩ የመጡ ባልና ሚስት ግን ከቀስቶቹ ጋር ሲታገሉ ሳሎኑን ሳያዩት ይሄዳሉ። ስለዚህ ዕቃው ራሱ ቦታውን እንዲያውቅ አደረግን። ሶፋ ወለል ላይ ብቻ ይንሸራተታል፤ በቆመበት ይዞራል እንጂ አይገለበጥም። የግድግዳ ሥዕል ከግድግዳው አይለቅም። መብራትም ከጣሪያው አይወርድም።

ሕንፃውን ከውጭ ማዞርም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የኮምፒውተር ግራፊክስ ተመራማሪው ኬን ሹሜክ «አርክቦል» የተባለውን ዘዴ አቅርቦ ነበር። ዕቃው በማይታይ ኳስ ውስጥ እንዳለ ይቆጠራል፤ ኳሱን በማውዝ ስትጎትቱት በእጅ እንደተያዘ ብርቱካን ወደየትም ይዞራል። ለማሽን ክፍል ወይም ለጌጣጌጥ እኛም የምንመርጠው ይህንኑ ነው። ሕንፃ ግን መሬት ላይ የቆመ ነገር ነው፤ በጎኑ ሲተኛ ያየ ገዢ የትኛው ፎቅ የእሱ እንደሆነ ይጠፋበታል። በእኛ ማሳያ አግድም ስትጎትቱ ሕንፃው ይዞራል፣ ወደ ላይና ታች ስትጎትቱ የእይታው ከፍታ ይለወጣል፤ መሬት ላይ ሲደርስ ይቆማል።

የካሜራውን የእይታ ስፋት የሚለውጥ ቁልፍ እንድንጨምር የጠየቃችሁን አላችሁ። ይህን አናደርግም። ካሜራው የሚያየው ማዕዘን በሰፋ ቁጥር የፊት ለፊቱ ግድግዳ እየራቀ ይሄዳል፤ 3 ሜትር በ3 ሜትር የሆነ መኝታ ቤት አዳራሽ መስሎ ይታያል። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ሆኖ የሚገዛ ወገናችን ቤቱን በእግሩ ሳይረግጥ ነው ገንዘቡን የሚልከው። የቤቱን ቁልፍ በተረከበ ዕለት ክፍሉ ጠብቦ ካገኘው የሚወቅሰው እናንተን ነው፤ ይገባዋልም። ስለዚህ በስልክና በኮምፒውተር ላይ ስፋቱ አንድ ነው፣ የዓይኑም ከፍታ ከወለሉ 1.6 ሜትር ነው።

ዓይንን ሸፍኖ ገዢውን ቤቱ ውስጥ የቆመ የሚያስመስለው የቪአር መነጽር ሌላ ጣጣ አለው። ዓይን «እየሄድኩ ነው» ሲል በውስጠኛው ጆሮ ያለው የሚዛን አካል «ቆሜያለሁ» ይላል፤ ብዙ ሰው የሚያጥወለውለው በዚህ ምክንያት ነው። በእጅ በሚያዘው መቆጣጠሪያ (በኮንትሮለሩ) ዘንግ እየተንሸራተቱ መሄድን የተውነው ለዚሁ ነው። ገዢው በመነጽሩ ውስጥ ከኮንትሮለሩ ሲወጣ በሚታየው ጨረር ወለሉን ያመለክታል፣ ቁልፉን ይለቃል፣ ምስሉ ለቅጽበት ይጨልምና ባመለከተው ቦታ ላይ ይገኛል። አካሉን ሳያዞር በቁልፍ ሲዞርም በ30 ዲግሪ እየዘለለ ነው። ምስሉ ራሱ በሰከንድ 90 ጊዜ ይታደሳል፤ ለአንዱ ምስል ኮምፒውተሩ ያለው ጊዜ 11 ሚሊሰከንድ ገደማ ብቻ ነው። ያ ጊዜ ካለፈ ጭንቅላት ሲዞር ክፍሉ ወደ ኋላ የሚጎተት ይመስላል። ተጨማሪ መጋረጃና ዕፅዋት ስትጠይቁን አንዳንዴ የምናመነታው ለዚህ ነው።

ጨረሩ ከሩቅ ለማመልከት ይመቻል፤ ነገር ግን እጅ 1 ዲግሪ ብቻ ቢንቀጠቀጥ 5 ሜትር ርቀት ላይ ጫፉ 9 ሴንቲ ሜትር ያህል ይስታል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፖል ፊትስ እ.ኤ.አ. በ1954 እንዳሳየው አንድን ዒላማ ለመንካት የሚፈጀው ጊዜ በርቀቱና በስፋቱ ይወሰናል፤ የራቀና የጠበበ ዒላማ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈጃል። የሴራሚክና የቀለም ምርጫዎችን ከግድግዳው አንስተን በግራ እጅ ላይ ያደረግናቸው ስለዚህ ነው። ገዢው ግራ እጁን ደረቱ አካባቢ ይይዛል፣ በቀኙ ይመርጣል። ክንዱን ወደ ላይ ዘርግቶ የሚመርጥ ሰው ወዲያው ይደክመዋል፤ በተለይ እናቶችና አባቶች።

በመነጽሩ የሚታየው ጽሑፍ ለምን ትልቅ ሆነ ለምትሉን፤ «ሉ» እና «ሊ» የሚለያዩት ጎን ላይ ያለችው ጭረት መሃል ወይም ታች በመሆኗ ብቻ ነው። በመነጽሩ ውስጥ ያቺ ጭረት በጥቂት ነጥቦች ስለምትሣል ፊደሉ ሲያንስ ትደበዝዛለች። ለላቲን ፊደል የሚበቃው መጠን ለእኛ አይበቃም። ጽሑፉን ከዓይን 1.5 ሜትር ያህል አርቀን አስቀምጠነዋል፤ ከዚያ በጣም ቢቀርብ ዓይን ይደክማል።

ከእናንተ የምንፈልገው ጥቂት ነው። አዲስ ማሳያ ስታዙ ገዢው ቆሞ ነው ተቀምጦ የሚያየው፣ በስልክ ነው በመነጽር የሚለውን አስቀድማችሁ ንገሩን፤ ቁልፎቹን የምንነድፈው ከዚያ ተነስተን ነው። በመነጽር ተቀምጦ ለሚያይ የሚሽከረከር ወንበር አዘጋጁ። ኮንትሮለሩንም ለገዢው ስጡት፤ የሽያጭ ሠራተኛው ይዞ ሲያዞርለት ገዢው ቶሎ ያጥወለውለዋል፣ ቤቱንም የሠራተኛው ጉብኝት አድርጎ ነው የሚያየው። ለአርክቴክቶቻችሁ ባለቀስቱ የባለሙያ አሠራር አለ፤ በኮምፒውተሩ ማሳያ «ቅንብር» ውስጥ ታገኙታላችሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
የዲዛይን ክፍል