ጣና ስንት ሊትር ነው?

እናትዬ፣

የላክሽልኝን የሒሳብ ፈተናሽን ፎቶ ያየሁት ከምሽቱ አራት ሰዓት አካባቢ ነው። ተረኛ ነኝ፣ ታውቂያለሽ። ላብራቶሪው ጭር ብሏል፣ ማሽኑ ብቻ ነው የሚያጉረመርመው። ሰው እስኪመጣ ልጻፍልሽ ብዬ ነው። በስልክ ባስረዳሽ "እሺ፣ እሺ" ብለሽ ትዘጊብኛለሽ፣ አውቅሻለሁ።

ከ10 አራት። አልተቆጣሁም። "45,000ን 45 × 10³ ብዬ ጻፍኩ፣ እኩል አይደለም እንዴ እማ፣ ለምን ኤክስ ተደረገብኝ?" ብለሻል። እኩል ነው። አርባ አምስት ሺህ ነው፣ ማንም አይክድሽም። ሳይንሳዊ አጻጻፍ ግን አንድ ሕግ አለው፤ ከፊት የሚቀመጠው ቁጥር ከ1 ማነስ የለበትም፣ 10 መሙላትም የለበትም። ስለዚህ 4.5 × 10⁴ ነው። ጥያቄው "በሳይንሳዊ አጻጻፍ ጻፊ" ስለሚል ኤክሱ ይገባሻል፣ ይቅርታ።

ሕጉ ዝም ብሎ ለማስቸገር የወጣ አይደለም። አንዱ 45 × 10³፣ ሌላው 4.5 × 10⁴፣ ሦስተኛው 450 × 10² ቢጽፍ፣ ሦስቱም አንድ መሆናቸውን ለማወቅ ቁጭ ብለሽ ማስላት ሊኖርብሽ ነው። ሁሉም በአንድ ሥርዓት ከጻፈ ግን 10 ራስ ላይ ያለችውን ትንሿን ቁጥር፣ ፓወሯን፣ ማየት ብቻ ይበቃል። ትልቅነቱን የምትናገረው እሷ ናት። እናንተ ልጆች ግን ዓይናችሁ መጀመሪያ የሚሄደው ከፊት ወዳለው ቁጥር ነው።

ልጆች ብቻም አይደላችሁ። ባለፈው አንድ የባጃጅ ሹፌር የደም ምርመራ ውጤቱን ተቀብሎ ከወጣ በኋላ ፊቱ ተለዋውጦ ተመለሰ። "እህቴ፣ ነጭ የደም ሴሌ ሰባት ብቻ ነው የቀረኝ?" አለኝ። ወረቀቱ ላይ 7.2 ይላል፣ እውነቱን ነው። ከጎኑ በደቃቅ ጽሑፍ × 10³ የሚለውን አላየውም። 7,200 ማለት ነው፣ ያውም በአንድ ማይክሮ ሊትር፣ ማለትም በሊትር ሚሊዮንኛ ደም ውስጥ። ከ4 ሺህ እስከ 11 ሺህ ድረስ ለአዋቂ ደህና ነው፣ ሰውዬው ጤነኛ ነበር። ሳስረዳው ሳቀና "ታዲያ ዜሮዎቹን ምን ቸገራችሁ፣ ጻፏቸዋ!" አለኝ።

ዜሮዎቹን መጻፍ ምን እንደሚያመጣ እኔ አሳምሬ አውቃለሁ። ይህን ነግሬሽ አላውቅም። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ነው፣ የወባ ወቅት ነበር፣ ስላይዱ፣ ደም የተቀባበት መስታወት፣ በትሪ በትሪ ነው የሚመጣው። ፓራሳይት ስንቆጥር እንዲህ ነው የምናደርገው፤ ማይክሮስኮፑ ሥር 200 ነጭ የደም ሴል እስክንቆጥር ድረስ ያገኘነውን የወባ ተሕዋስ እንመዘግባለን፣ ከዚያ በ40 እናባዛለን። ለምን በ40? በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ 8,000 ነጭ የደም ሴል አለ ብለን ስለምንነሳ ነው፤ 8,000 ለ200 ሲካፈል 40። የዚያን ቀን 300 ቆጠርኩ። 300 በ40፣ 12,000። መዝገቡ ላይ ግን 1,200 ብዬ ጻፍኩ። አንድ ዜሮ ጠፋች። ደክሞኝ ነበር፣ ግን ምክንያት አይሆንም። እግዚአብሔር ይስጣት፣ አብራኝ የነበረችው ነባር ባለሙያ ውጤቱ ሳይወጣ ስላይዱን ራሷ አይታ "አንቺ፣ ይሄ ስላይድ በተሕዋስ ተጨናንቋል፣ አንዷን ዜሮ የት ጣልሻት?" አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ለራሴ ማስታወሻ ስይዝ 1.2 × 10⁴ ብዬ መጻፍ ለመድኩ። ተደርድረው ካሉ ዜሮዎች አንዷ ብትጎድል ዓይን አያስተውልም፣ 4 የነበረው 3 ሲሆን ግን ያስተውላል።

አሁን ወደ ወረቀትሽ። 3 × 10⁵ + 2 × 10⁴ ብሎ ጠይቆሽ 5 × 10⁹ ብለሻል። ኧረ እናቴ! ሦስት ባለ መቶ ብርና ሁለት ባለ አሥር ብር ብሰጥሽ አምስት ምን ያዝኩ ትያለሽ? 320 ብር ነው የያዝሽው። ይሄም እንደዚያው ነው። ለመደመር መጀመሪያ ፓወሮቹን አንድ አድርጊያቸው። 2 × 10⁴ ማለት 0.2 × 10⁵ ነው፣ ስለዚህ 3.2 × 10⁵። ፓወር የሚደመረው ስታባዢ ነው፣ ስትደምሪ አይደለም።

ማባዛቱን አያትሽ ጠይቀሽው ቢሆን በግዕዝ ያሳይሽ ነበር። የግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለውም፣ ግን ፻ አለ፣ መቶ፣ ፼ ደግሞ እልፍ፣ አሥር ሺህ። ሚሊዮን ሲጻፍ ፻፼ ነው፣ መቶ ጊዜ እልፍ። በእናንተ ደብተር 10² × 10⁴ = 10⁶ መሆኑ ነው። ፼፼ ብትጽፊ እልፍ ጊዜ እልፍ፣ 10⁸፣ መቶ ሚሊዮን። በብራና ዘመን ፓወር ይደምሩ ነበር በይው፣ ደስ ይለዋል። እዚያ ማዶ፣ ጣና ላይ ባለው ክብራን ገዳም ያሉትን ብራናዎች እንዳላሳይሽ ሴት አይገባም፤ ለሒሳብ ነው ብንልም አይሰሙንም።

የማይነስ ፓወርም አስቸግሮሻል። 7.5 × 10⁻⁶ን ከዜሮ በታች ነው ብለሽ ጽፈሻል። አይደለም። ማይነሷ የምትለው "ትንሽ" ነው እንጂ "ዕዳ" አይደለም። አንድ ቀይ የደም ሴል ወርዱ በግምት ይህን ያህል ሜትር ነው። የጤፍ ፍሬ ደግሞ ወደ አንድ ሚሊ ሜትር ትሆናለች፣ 10⁻³ ሜትር። እስቲ አካፍይው፣ 10⁻³ ለ 7.5 × 10⁻⁶። 130 ምናምን ይመጣል። አንዲት የጤፍ ፍሬ ላይ ቀይ የደም ሴሎች ጎን ለጎን ቢሰለፉ ከዳር ዳር ከ130 በላይ ይገጥማሉ ማለት ነው። እኔ ማይክሮስኮፕ ሥር ሳያቸው የምውለው እነዚህን ነው።

አሁን በጣም ወደምወደው ነገር ልምጣ። ተረኛ ሆኜ ሥራ ሲቀዘቅዝ ነው ያሰላሁት።

አዋቂ ሰው በአንድ ማይክሮ ሊትር ደሙ ውስጥ ወደ 5 ሚሊዮን ቀይ የደም ሴል አለው፣ 5 × 10⁶። ሰውነቱ ውስጥ ያለው ደም በግምት 5 ሊትር ነው፣ አንድ ሊትር ሚሊዮን ማይክሮ ሊትር ስለሆነ ይሄም 5 × 10⁶። (አንቺ ገና 5 ሊትር አልሞላሽም፣ ብዪ፣ እራትሽን አትተዪ።) አባዥው። 5 በ5፣ 25። 10⁶ በ10⁶፣ 10¹²። 25 × 10¹² ሆነ። እዚህ ላይ ነው ነጥብ የምትጥይው፤ 25 ከ10 በለጠ፣ ስለዚህ 2.5 × 10¹³። ከፊት ያለው ሲቀንስ ፓወሯ ትጨምራለች፣ ልክ እንደ ሚዛን።

አሁን ጣናን። በየቀኑ የምናየው፣ ቅዳሜ ከሰዓት ዳሩ ላይ ቆሎ ይዘን የምንቀመጥበት ጣና። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ለሒሳብ እንዲመች 3 × 10³ እንበል። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ስንት ካሬ ሜትር ነው? ሺህ እንዳትዪኝ። ሺህ በሺህ ነው፣ 10⁶። ስለዚህ ስፋቱ 3 × 10⁹ ካሬ ሜትር። ጥልቀቱ በአማካይ ወደ 9 ሜትር ነው፣ ሐይቁ ሰፊ ይሁን እንጂ ጥልቅ አይደለም። ስታባዢው 27 × 10⁹፣ አስተካክለሽ ስትጽፊው 2.7 × 10¹⁰ ሜትር ኩብ። በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ 10³ ሊትር አለ። 2.7 × 10¹³ ሊትር።

አየሽው? መጀመሪያ ሳሰላው ተሳሳትኩ ብዬ ሁለቴ ደገምኩት። አንድ ሰው ሰውነት ውስጥ የሚዞረው ቀይ የደም ሴል ብዛትና የጣና ውሃ በሊትር፣ ሁለቱም 10¹³ ላይ ናቸው፣ ከፊታቸው ያሉትም 2.5 እና 2.7። ግምት ነው፣ ሐይቁ ክረምት ይሞላል በጋ ይጎድላል፣ የሰውም ደም ይለያያል። ግን ነገሩ እንዲያው ነው። ያ የባጃጅ ሹፌር ሰባት ብቻ ቀረኝ ብሎ ሲደነግጥ ጣናን የሚያህል ቁጥር ተሸክሞ ነበር። 25,000,000,000,000 ብዬ ጽፌልሽ ቢሆን ይሄን ታዪው ነበር? ዜሮ ስትቆጥሪ እንቅልፍ ይወስድሽ ነበር።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር። የስልክሽ ካልኩሌተር ረጅም ቁጥር ሲመጣበት መሐል ላይ የእንግሊዝኛዋን "ኢ" አስገብቶ 2.5ኢ13 ብሎ ሲያሳይሽ ኢረር መስሎሽ ማጥፋትሽን ወንድምሽ ነገረኝ። ኢረር አይደለም። "ጊዜ አሥር ፓወር 13" ማለቱ ነው፣ ቦታ አንሶት።

ነገ ቅዳሜ ነው፣ ትምህርት የለም። አንድ ጥያቄ ልተውልሽ። የአንድን ሰው ቀይ የደም ሴሎች በሙሉ፣ 2.5 × 10¹³ኡንም፣ ጎን ለጎን ብናሰልፋቸው፣ እያንዳንዱ 7.5 × 10⁻⁶ ሜትር ነው ብለናል፣ ሰልፉ ስንት ሜትር ይሆናል? ምድርን በወገቧ መዞር 4 × 10⁷ ሜትር ነው። ሰልፉ ምድርን ስንት ጊዜ ይዞራል? ፓወሮቹን መጀመሪያ ደምሪ፣ አንዷ ማይነስ መሆኗን አትርሺ፣ ከፊት የሚመጣው ቁጥር ከ10 ከበለጠ አስተካክዪው። ካልኩሌተር አልከለክልሽም፣ ግን ወረቀቱን ማየት እፈልጋለሁ።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እደርሳለሁ። ዳቦ ይዤ እመጣለሁ፣ ሻዩን አንቺ ጣጂ። በሩ ተንኳኳ፣ ስላይድ ይዘው መጡ መሰለኝ።

እማ