ያ ተረት መጨረሻው ምን ነበር?

ደሴ፣ ነሐሴ

እህት ዓለሜ፣

እንደምን ከርመሻል? ጠፍቻለሁ፣ ይቅር በይኝ። ምክንያት ልደርድር ብል ወረቀቱ ያልቃል፤ አንቺም ብትሆኚ ድምፅሽን ካሰማሽኝ ቆየሽ፣ ስለዚህ እኩል እንባባልና እንለፈው። ዛሬ እማማሽ ማታ ማታ ትነግረን ስለነበረው የሙሽራዋ ተረት የምጠይቅሽ ነገር አለ፤ ካንቺ በቀር የሚመልስልኝ ሰው የለም።

በፊት ግን ስለ መጽሐፉ ልንገርሽ። ፒያሳ አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጡት ልጆች የእንግሊዝኛ አስፈሪ አጫጭር ልብ ወለዶች ስብስብ ገዛሁ። ሽፋኑ ተገንጥሏል። ሻጩ «ይሄ ለማታ አይሆንም» አለኝ። እኔ ደግሞ ለማታ ነው የፈለግኩት። የነሐሴን ደሴ ታውቂያታለሽ፤ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማውን ሲውጠው፣ መብራት ሲሄድ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ከዚህ ሌላ ምን ይነበባል?

አሜሪካዊው ደራሲ ኤድጋር አለን ፖ እ.ኤ.አ. በ1842 ስለ አጭር ትረካ ሲጽፍ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድና ሁለት ሰዓት ውስጥ ተነቦ የሚያልቅ መሆን አለበት ብሎ ነበር፤ አንባቢው መሃል ላይ ተነስቶ ከሄደ የዓለም ጉዳይ ገብቶ ስሜቱን ይበትንበታል ባይ ነው። ልክ ነው። አንድ ሻማ አንድ ታሪክ ይጨርሳል። በዓመቱ፣ በ1843፣ ያሳተመው ያ ልብ ከወለል ሥር የሚመታበት ታሪክ ስብስቡ ውስጥ አለ። ሰውዬው ሽማግሌውን ገድሎ ሳንቃ ሥር ይቀብረዋል፣ ፖሊሶች መጥተው ሲቀመጡ እሱ ብቻ የልብ ምት ይሰማል፣ እየጮኸ ራሱን ያጋልጣል። አንድም ጋኔን የለበትም። ዝም ብሎ «እብድ አይደለሁም» እያለ ሲያወራሽ ነው አከርካሪሽ የሚቀዘቅዘው። ደም በባልዲ የሚያፈሱትንና ሰንሰለት የሚያስጎትቱትን ግን ዘለልኳቸው። ሁሉን ነገር ዓይንሽ ላይ ካፈሰሰልሽ አንቺ ምን ልታስቢ ቀረሽ?

አሁን ወደ ዋናው። ደብልዩ ደብልዩ ጄከብስ የሚባል እንግሊዛዊ በ1902 ያሳተመው ስለ ደረቀ የጦጣ መዳፍ የሚተርክ አንድ ታሪክ አለ። መዳፉ ሦስት ምኞት ይሰጣል። አባትየው ለቤቱ ዕዳ ሁለት መቶ ፓውንድ ይመኛል። በማግስቱ ከልጃቸው መሥሪያ ቤት ሰው ይመጣል፤ ልጁን ማሽን በልቶታል፣ ካሳው ሁለት መቶ ፓውንድ ነው። ይህን ለእናቴ ቡና ላይ እየተረጎምኩ አነበብኩላት። አቦሉ ላይ ፈገግ ብላ ትሰማ ነበር፤ ቶናው ላይ ስኒዋን አስቀመጠች። እናትየዋ ከቀብሩ በኋላ «ልጄ ይነሳ ብለህ ተመኝ» ብላ ባሏን ስታስገድደው፣ ሌሊት በሩ ሲንኳኳ፣ መቀርቀሪያው ከፍ ብሎባት ወንበር ላይ ወጥታ ልትከፍት ስትታገል፣ አባትየው ደግሞ በጨለማ መሬት እየዳሰሰ መዳፉን ሲፈልግ እናቴ «አዑዙ ቢላህ! እንዳትከፍቺ!» ብላ ጮኸች። መጽሐፉን ነበር የምትቆጣው። ሦስተኛው ምኞት በሩ ከመከፈቱ በፊት ይደርሳል። ማንኳኳቱ ይቆማል። ሲከፈት መንገዱ ባዶ ነው።

በሩ ላይ የቆመው ምን ይመስል እንደነበር ጸሐፊው አልነገረንም። በረካውን እስክንጠጣ ድረስ ስለሱ ብቻ አወራን። እናቴ «እናት ናት፣ የመጣውም ቢመጣ ትከፍታለች» አለች፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ «አባትየውም አባት ነው» አለች። እኔ የትኛው እንደሚበልጥ እስካሁን መቁረጥ አቅቶኛል።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ለማንም አልተናገርኩትም። በእኛው 2014 ከተማችን በጦርነቱ ስትያዝ አንቺ አዲስ አበባ ነበርሽ፣ ስልኩም ተቋርጦ ነበር። ያን ጊዜ በር ሲንኳኳ ምን ማለት እንደነበር አልዘረዝርልሽም። ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት የሚመጣ ሰው ሁሉ ሲያንኳኳ ስሙን አብሮ ይጠራል፤ ጎረቤቱም፣ ወተት አምጪዋም ለምደውታል። እኔም አስፈሪ የሚባል ነገር፣ ፊልምም ሆነ ተረት፣ አጠገቤ አላስደርስም ነበር። አሁን ግን ያንን የበር ታሪክ አንብቤ ልቤ ድም ድም አለ፣ ፀጉሬ ቆመ፣ ከዚያ መጽሐፉን ከደንኩትና ተኛሁ። ስከድነው የሚያቆም ፍርሃት! እንዲህ ያለ ፍርሃት መፍራት ከቻልኩ ስንት ጊዜዬ ነው። ደስታዬን ማን ጋ ሄጄ ልበለው? አንቺ ብቻ ነሽ የሚገባሽ፤ እማማ ጋቢ ውስጥ ተጠቅልለን አብረን እየፈራን ያደግነው እኛ ነን። አንቺማ ፈርተሽ እግርሽን እኔ ላይ ጭነሽ ታድሪ ነበር፣ ዛሬ ትልቅ ሰው ነኝ ብለሽ እንዳትክጂ።

እንግዲህ ጥያቄው ይኸውልሽ። ባሏ ባቲ ገበያ ወርዶ የቀረባትን ሙሽራ ታስታውሻታለሽ? በቅሎዋ ብቻዋን የሐረጎን ዳገት ወጥታ ቤት ትገባለች። በሌሊት ከደጅ ስሟ ይጠራል፣ የባሏ ድምፅ ነው። አማቷ «ጋኔን አንዴ ነው የሚጠራ፣ ሰው ግን ይደግማል፤ እስኪደግም ጠብቂ» ትላታለች። ሙሽራይቱ እጇን መቀርቀሪያው ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። ከዚያስ? እማማ ሁልጊዜ እዚህ ላይ እሳቱን ታዳፍንና «በሉ ተኙ» ትለናለች። እኔ ግድግዳው ጋ ስለነበርኩ ቶሎ ይወስደኛል። አንቺ ግን እሷ ጉያ ውስጥ ነበርሽ፣ እንቅልፍሽም ቀላል ነው። ድምፁ ደገመ? ከፈተችለት?

ይህን መጠየቅ ከብዶኝ ነበር። እማማን ዐርባዋን ካወጣንላት ወዲህ ስለሷ አንስተን አናውቅም፣ ቁስልሽን የምነካ ከሆነም... አላውቅም፣ ካልቻልሽ ተዪው። ግን ከዚያ የእንግሊዝ ታሪክ በምንም የማያንስ ታሪክ እኛው ምድጃ ዳር ነበረና ልጽፈው እፈልጋለሁ። በባቲው መንገድና በሐረጎ ጠመዝማዛ፣ በእማማ አነጋገር። ታሪኩ የእማማ ነው፣ ስለዚህ ያንቺ ነው፤ አትጻፊው ካልሽኝ ብዕሬን አስቀምጣለሁ። መጨረሻውን እሷም ሳትነግርሽ ሄዳ ከሆነ እንደዚያ ብለሽ ጻፊልኝ፤ ያኔ ሙሽራይቱን እዚያው መቀርቀሪያው ጋ አቆማታለሁ እንጂ ከራሴ አልጨምርም። ብቻ በስልክ አትንገሪኝ፣ እማማ እንዳለችው አድርገሽ በቃሏ ጻፊው።

እናቴ በጣም ሰላም ብላሻለች። በርበሬሽ ተፈጭቷል፣ ወደዚያ የሚወርድ ሰው ስናገኝ እንልክልሻለን። እሷም መልሱን እየጠበቀች ነው፤ «ከፈተችለት ወይ?» እያለች ጠዋት ማታ ትጠይቀኛለች።

የምትወድሽ፣
የምድጃ ዳሯ እህትሽ