በካርድ ላይ የተጻፈ ዕድሜ የካንሰር ሕክምናን አይወስን

ለአማራ ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት ጤና ቢሮ
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ ዕድሜያቸው የገፋ የትልቁ አንጀት ካንሰር ሕሙማንን ይመለከታል

ክቡር የቢሮው ኃላፊ፣

ይህን ግልጽ ደብዳቤ የምንጽፍልዎ በጎጃም ሆስፒታሎች በቀዶ ሕክምና፣ በውስጥ ደዌ፣ በማደንዘዣና በነርስነት የምናገለግል ባለሙያዎች ነን። የምንጠይቀው በአጭሩ ይህ ነው፦ አረጋዊ ሰው የአንጀት ካንሰር ሲጠረጠርባቸው አቅማቸው ሳይለካ "ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ቤታቸው ይረፉ" ተብለው እንዳይሸኙ ቢሮው አሠራር ያውጣ።

ዕድሜው ራሱ ብዙ ጊዜ ግምት ነው። በገጠር የተወለዱ አረጋውያን የልደት ምስክር ወረቀት የላቸውም፤ "በጣሊያን ጊዜ ነው የተወለድኩት" ይላሉ፣ ካርድ ክፍሉም የመሰለውን ቁጥር ይጽፋል። አንዱ ጤና ጣቢያ 72 ያላቸውን ሰው ሌላው ሆስፒታል 85 ይላቸዋል። በዚህ ቁጥር ላይ ቀዶ ሕክምና መፍቀድም መከልከልም ትክክል አይደለም።

ዕድሜያቸው በትክክል በሚታወቅባቸው አገሮችም ቁጥሩ ብቻውን አይወስንም። በጃፓን ከ80 ዓመት በላይ የሆነ ሰው የአንጀት ቀዶ ሕክምና ማድረጉ የተለመደ ሥራ ነው። ኔዘርላንድስ ከ2009 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ጀምሮ የአንጀት ካንሰር ቀዶ ሕክምናን ውጤት በአገር አቀፍ መዝገብ ትከታተላለች። እዚያ የተደረገ ጥናት ያሳየው ትልቅ ቁም ነገር አለ፦ አረጋውያን ከወጣቶቹ በላይ የሚሞቱት በዋናነት ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባለው የመጀመሪያ ዓመት ውስጥ ነው፤ ያንን ዓመት ከተሻገሩ በካንሰሩ ረገድ ያላቸው ዕድል ከወጣቶቹ ብዙም አይለይም። የአውሮፓ አገሮች ሲነጻጸሩ ዕጢውን ቆርጦ በማውጣት ይቀራረባሉ፤ የሚራራቁት ከዚያ በኋላ ለአረጋውያን በሚሰጠው ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) ነው። ስለዚህ ትልቁ ሥራ ሰውየውን ለቀዶ ሕክምና ማዘጋጀትና ያንን ዓመት ማሻገር ነው። ይህ ደግሞ በአብዛኛው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም።

እኛ ዘንድ ነገሩ የሚበላሸው ገና ከጤና ጣቢያው ነው። በአረጋውያን ላይ ካንሰሩ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው በቀኝ በኩል ባለው የአንጀት ክፍል ነው። እዚያ አንጀቱ ሰፊ፣ ሰገራውም ፈሳሽ ስለሆነ ቶሎ አይዘጋም፤ ደሙም ለዓይን ሳይታይ ቀስ እያለ ይፈስሳል። ሕመምተኛው የሚሉት "ድካም ድካም ይለኛል" ብቻ ነው። የመንጠቆ ትል ነው ተብሎ የትል መድኃኒትና የብረት እንክብል ይሰጣቸዋል። ትንሽ ያገግማሉ፣ ከወራት በኋላ ተመልሰው ይመጣሉ፣ ያው እንክብል ይደገማል። በሰገራ ላይ ደም ያዩት ደግሞ ሳይመረመሩ "ኪንታሮት" ይባላሉ፤ ጓንት አጥልቆ በጣት መመርመር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የከፍታው ነገርም አይዘንጋ። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በከፍታ የሚኖር ሰው ሄሞግሎቢኑ (ኦክስጅን ተሸካሚው የደም ክፍል) ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል፤ ስለዚህ በዝቅተኛ ቦታ "ደህና" የሚባል ውጤት እዚህ የደም ማነስ ሊሆን ይችላል። ትእዛዙ ቀላል ይሁን፦ ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሚገመት፣ በብረት እጥረት የደም ማነስ ያለባቸው ሁሉ ሁለተኛ ዙር እንክብል ከመታዘዙ በፊት ኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት ከውስጥ በካሜራ ማየት) ወዳለበት ሆስፒታል ሪፈር ይባሉ። ኮሎኖስኮፒውን የማይችሉ ደካማ ሰዎች በሲቲ ስካን ሊታዩ ይችላሉ።

ሁለተኛው ስሕተት የድንገተኛ ክፍሉ ነው። በአገራችን የአንጀት መጠምዘዝ የተለመደ በመሆኑ ሆዳቸው የተነፋ አዛውንት ሲመጡ ሁላችንም መጀመሪያ የምናስበው እሱን ነው። ካንሰር የዘጋው አንጀትም እንደዚያው ይነፋል። በድንገተኛ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና በቀጠሮ ከሚደረገው ይልቅ አረጋውያንን በብዙ እጥፍ ይገድላል፤ በጣም የደከሙ ከሆነ መጀመሪያ ሰገራውን በሆድ በኩል ማውጫ ከፍቶ ነፍስ ማዳን፣ ዕጢውን ካገገሙ በኋላ ማውጣት የተሻለ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ለዚህ በማውጫው ላይ ተለጥፎ ሰገራውን የሚቀበል የኮሎስቶሚ ከረጢት ያስፈልጋል። ከረጢቱ የለም ተብሎ በጨርቅ የሚታሰር ሰው ቆዳው ይላጣል፣ ከሰው ይርቃል። እባክዎ በመድኃኒት ግዥ ዝርዝሩ ውስጥ ይግባ።

አቅም እንዴት ይለካል? ከወንበር ተነሥተው 3 ሜትር ሄደው፣ ዞረው ተመልሰው ይቀመጡ፤ 20 ሰከንድ የሚፈጅባቸው ሰው ጥንቃቄ ይሻሉ። ባለፉት 3 ወራት ክብደት ቀንሰዋል? ራሳቸው ይለብሳሉ፣ ይታጠባሉ? ስንት ዓይነት መድኃኒት ይወስዳሉ? የማሰብና የማስታወስ ችሎታን ለመለካት በውጭ አገር የሰዓት ሥዕል ማሣል ይታዘዛል፤ እርሳስ ጨብጠው ለማያውቁ እናት ግን ይህ የአእምሮ ሳይሆን የትምህርት ፈተና ነው። ሦስት ቃላት ነግሮ ከ5 ደቂቃ በኋላ መጠየቅና ቤተሰቡን ማናገር ይሻላል። አንዲት ነርስ ይህን ሁሉ በ15 ደቂቃ ትጨርሰዋለች፤ ውጤቱ በሪፈር ወረቀቱ ላይ ከዕድሜው ጎን ይጻፍ።

ከቀጠሮ በፊት ያሉት ሳምንታት ወርቅ ናቸው። በቀን በኪሎ ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋል፤ 45 ኪሎ ለሚመዝኑ ሰው ከ54 እስከ 68 ግራም ማለት ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ ሩብ ሊትር ወተት 8 ግራም ገደማ ይሰጣል። ቀጠሮው ዐቢይ ጾም ላይ ከዋለ የንስሐ አባታቸውን ማነጋገር የሕክምናው አካል ሊሆን ይገባል፤ ሐኪሙ "ይብሉ" ብሎ መሄዱ ብቻ አይበቃም፣ ፈቃዱ ከአባታቸው ሲመጣ ነው የሚበሉት። ምስር፣ ሽምብራና ባቄላም ይረዳሉ። የብረት እንክብሉን በየሁለት ቀኑ አንድ ፍሬ መውሰድ ለመምጠጥ ይመቻል፤ ከቡና ጋር ከሆነ ግን ብረቱ በደንብ አይገባም። ቀዶ ሕክምናው ሳምንታት ብቻ ከቀሩት ብረቱ በደም ሥር ቢሰጥ ይመረጣል።

በቀዶ ሕክምናው ቀን የምናየው ሌላው ጉዳት ጥማት ነው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ጀምሮ ምንም እንዳይቀምሱ ይነገራቸዋል፣ ተራቸው ከቀኑ 9 ሰዓት ይደርሳል፤ 15 ሰዓት ያለ ውኃ። አንጀታቸው ላልተዘጋ ሰው ምግብ ከማደንዘዣው 6 ሰዓት በፊት፣ ውኃ ደግሞ 2 ሰዓት በፊት ማቆም በቂ ነው። አረጋውያን የዕለቱ የመጀመሪያ ተራ ይሰጣቸው። ከወጡ በኋላ ልጅ ወይም ዘመድ አጠገባቸው ይቀመጥ፤ መነጽራቸውና ከዘራቸው አይራቅ፤ በሌሊት ሲቃዡ ዳያዜፓም (ማስተኛ መድኃኒት) መውጋት ቅዠቱን ያባብሰዋል።

የወጣው አንጀት ናሙና ከመጠኑ 10 እጥፍ በሆነ 10 በመቶ ፎርማሊን (ናሙና እንዳይበላሽ የሚያቆይ ፈሳሽ) ካልተነከረ እስከ ላቦራቶሪው ይበሰብሳል። ፓቶሎጂስቱም (ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የሚመረምረው ሐኪም) ቢያንስ 12 ንፍፊቶችን (ሊምፍ ኖዶችን) ማየት አለበት፤ ያለዚያ የካንሰሩ ደረጃ በትክክል አይታወቅም፣ ኬሞ ያስፈልጋል አያስፈልግም ማለትም አይቻልም። ከ70 ዓመት በላይ ለሆኑት ኦክሳሊፕላቲን የተባለውን የኬሞ መድኃኒት መጨመሩ በትላልቅ ጥናቶች ግልጽ ጥቅም አላሳየም። በእንክብል የሚወሰደው የኬሞ መድኃኒት ካፔሲታቢን ብቻውን የሚበቃቸው ብዙ ናቸው፤ የእሱ መጠን ግን በኩላሊት አቅም ይወሰናል። ክሬያቲኒናቸው (ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ) 1.0 የሆነ የ82 ዓመት፣ 45 ኪሎ እናት ወረቀቱ ላይ "ኖርማል" ይመስላሉ፤ ሲሰላ ኩላሊታቸው በደቂቃ 31 ሚሊ ሊትር ገደማ ብቻ ነው የሚያጣራው። ከ30 እስከ 50 ከሆነ መጠኑ ወደ ሦስት አራተኛ ይቀነሳል፣ ከ30 በታች ጭራሽ አይሰጥም። በቀን ከወትሮው 4 ጊዜና ከዚያ በላይ ተጨማሪ ካስቀመጣቸው መድኃኒቱን አቁመው ወዲያው እንዲመጡ ለአስታማሚው በቃል ተነግሮ መደገም አለበት።

የትልቁ አንጀት ካንሰር፣ ከፊንጢጣ በላይ ባለው የመጨረሻ ክፍል (ሬክተም) ከሚነሳው በስተቀር፣ ከማሕፀን ጫፍ ካንሰር በተለየ አብዛኛውን ጊዜ የጨረር ሕክምና አይፈልግም። ስለዚህ አብዛኛው ሕክምና እዚሁ ጎጃም ውስጥ ሊሰጥ ይችላል፤ 300 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ ወረፋ መያዝ፣ መንገድ ሲዘጋም ቀጠሮ ማሳለፍ የግድ አይደለም። ካፔሲታቢን፣ በደም ሥር የሚሰጥ ብረት፣ ፎርማሊንና የኮሎስቶሚ ከረጢት በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ተሸፍነው በሆስፒታሎቻችን መድኃኒት ቤት እንዲገኙ፣ የአቅም መለኪያውም በሪፈር ቅጹ ላይ እንዲታከል ውሳኔዎን በጽሑፍ እንዲያሳውቁን በአክብሮት እንጠይቃለን። ቅጹን አዘጋጅተን ለማቅረብና ነርሶችን ለማሠልጠን ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ጋር

በጎጃም ሆስፒታሎች የሚያገለግሉ የጤና ባለሙያዎች

ግልባጭ፦
ለምሥራቅ ጎጃም ዞን ጤና መምሪያ
ለምዕራብ ጎጃም ዞን ጤና መምሪያ