“ምንም አልሆንኩም” ለማለት አትቸኩሉ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ አዲሶቹ የብስክሌት መስመሮች በየጊዜው ትጽፋላችሁ፤ ደስ ይላል። እኔም ከመገናኛ አራት ኪሎ በብስክሌት ከሚመላለሱት አንዱ ነኝ። ግን መኪና ሲገጨን ምን ማድረግ እንዳለብን ሲጻፍ ብዙም አላየሁም። እኔ የተማርኩት ተገጭቼ ነው።

የተገጨሁት ሾላ አካባቢ ነው። አንዲት ነጭ የቤት መኪና ፍሬቻ እንኳ ሳታሳይ ወደ ቀኝ ታጠፈችብኝ። ስወድቅ የብስክሌቱ መሪ ሆዴን ወጋኝ፣ በግራ እጄ አስፋልቱን ተመረኮዝኩ። ወዲያው ብድግ አልኩና “ምንም አልሆንኩም” አልኩ። ጓንቴን እንኳ ሳላወልቅ! ምኑን አይቼ እንደተናገርኩ አላውቅም። አፍሬ መሰለኝ።

ሰው ተሰበሰበ። አንዲት እናት ውሃ አመጡልኝ። “ተርፈሃል፣ ፈጣሪህን አመስግን” አሉኝ። ሾፌሩ ልጅ እግር ነው፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ አንጀቴን በላው። ከኋላ ክላክሱ ይጮኻል። አንድ አባት “በሉ ተስማሙና መንገዱን ልቀቁ” ሲሉ 1,000 ብርና ስልክ ቁጥር ተቀበልኩ። ተጨባብጠን ተለያየን። ታርጋውን አላየሁም።

ማታ እጄ እንደ ዳቦ አበጠ። ከአውራ ጣት ሥር ያለችው ትንሿ የአንጓ አጥንት ተሰንጥቃለች ተባልኩ። ስድስት ሳምንት በጄሶ። የሾፌሩ ስልክ ሁለት ቀን ጠራ፣ ከዚያ ዝግ ሆነ። በእርግጥ የተናደድኩት በራሴ ነው።

እንግዲህ ለሌሎች ብስክሌተኞች የምለው ይህ ነው። ጉዳት በትኩሱ አይታወቅም። ሰውነት ሲደነግጥ ሕመሙን ይደብቀዋል፤ የሚያመው ሲበርድ ነው። ስለዚህ “ደህና ነኝ” አትበሉ፣ “ገና አላወቅኩም” በሉ። አንገታችሁን ወይም ጀርባችሁን ካመማችሁ አትነሱ፤ ሰው ጎትቶ እንዲያነሳችሁም አትፍቀዱ። እኛ አገር የወደቀን ሰው ክንዱን ይዞ ማንሳት ደግነት ነው። አከርካሪው ለተጎዳ ሰው ግን ያ ደግነት ሽባ ሊያደርገው ይችላል። 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው፣ 991 ደግሞ ፖሊስ።

ጭንቅላቱን የተመታ ሰው የዚያን ቀን ብቻውን አይደር። ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ንግግሩ ከተንተባተበ ወይም ያለወትሮው እንቅልፍ ከጣለው ሳይነጋ ሐኪም ቤት ይሂድ። መሪው ሆዱን የወጋውም እንዲሁ። ቆዳው ላይ ጭረት ሳይታይ ውስጥ ሊደማ ይችላል።

ሁለተኛው ነገር ፕላን ነው፤ ትራፊክ ፖሊስ የአደጋውን ቦታ ለክቶ የሚያነሳው ንድፍ። ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ፕላን እስኪያነሳ መኪናውም ብስክሌቱም ባለበት ይቆይ። የእኛ ነገር ግልብጥ ነው። ሁለት መኪና ተነካክቶ መብራት ቢሰበር መንገድ ዘግተው ይጠብቃሉ፤ ሰው ሲገጭ ግን “ቶሎ ተስማሙ” ይባላል። ተጎጂውን ሐኪም ቤት ለማድረስ መኪናው መነሳት ካለበት ይነሳ፣ ነፍስ ይቀድማል። ከመነሳቱ በፊት ግን አንድ ሰው ፎቶ ያንሳ፣ ጎማው የቆመበትን በድንጋይም ቢሆን ያስምር። ታርጋውን ከነሙሉ ጽሑፉ ፎቶ አንሱ። መስታወቱ ላይ ያለውን የሦስተኛ ወገን መድን ተለጣፊም አትርሱ። ውሃ የሰጡኝን እናት ስልክ ብይዝ ኖሮ ዛሬ ምስክር ነበረኝ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሕጉን ነው። በ2005 ዓ.ም. በወጣው የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799 መሠረት በመኪና የተጎዳ ሰው አስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብት አለው። የገጨው አምልጦ ማንነቱ ባይታወቅ ወይም መኪናው መድን ባይኖረው እንኳ ለአካል ጉዳት ካሳ የሚከፍል የመድን ፈንድ አለ። ግን ፈንዱ ጋ ባዶ እጅ አይኬድም፤ የፖሊስና የሕክምና ማስረጃ ያስፈልጋል። ከሾፌሩ ሌላ ባለንብረቱም ይጠየቃል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 ይህን ይላል። የካሳ ክስ ጊዜው ደግሞ ሁለት ዓመት ነው። መስማማት ክፉ ነው አላልኩም። እኔም ሽምግልና እወዳለሁ። ግን የሚታረቁበትን ጉዳት ሳያውቁ ምን ላይ ይታረቃሉ?

ብስክሌቱንም ቢሆን ዝም ብላችሁ አትውጡበት። ቸርኬው ቢቃናም የፊት ጎማውን የያዘው ብረት ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል፤ ባለሙያ ይየው። የተመታ ሄልሜት ግን አይጠገንም፣ ይጣል። ውድ መሆኑን አውቃለሁ። ብስክሌቱ ከመጠገኑ በፊት የተበላሸውን ሁሉ ፎቶ አንሱ፣ ደረሰኝ ያዙ።

ያደግሁት ባሕር ዳር ነው። እዚያ ብስክሌት የተማሪውም የሠራተኛውም ነው፤ ሾፌሩ ሳይዞር በቀኙ ብስክሌት እንዳለ ይገምታል። አዲስ አበባ ገና አልለመደንም። ለነገሩ ከእኛም መሀል መስመር እያለለት በተቃራኒ የሚነዳ፣ ማታ ያለ መብራት የሚወጣ ሞልቷል። እሱ ሲገጭ ክርክሩ ከባድ ነው የሚሆንበት።

ዝግጅት ክፍሉን አንድ ነገር ልጠይቅ። የትራፊክ ፖሊስ ኃላፊዎችን አነጋግሩልን። ብስክሌተኛ ሲገጭ፣ ተነስቶ ቆሞ ቢያገኙት እንኳ፣ ፕላን ያነሳሉ ወይስ “ተስማሙ” ብለው ይሄዳሉ? መልሳቸውን አትማችሁ ባነብ ደስ ይለኛል።

ብስክሌተኛ አንባቢያችሁ
ከአዲስ አበባ