ይድረስ ለትምህርት ቢሮ ኃላፊ፦ ሰባተኛ ክፍል የሚገቡ ልጆችን በስማቸው የሚያውቅ አንድ ሰው ይመደብላቸው

የተከበሩ የትምህርት ቢሮ ኃላፊ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት እናት ነኝ። ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ልነግርዎት አስቤ ነበር። ግን ጉዳዩ የእኔ ልጅ ብቻ አይደለም፣ የብዙ ቤት ጉዳይ ነው። ሌሎች ወላጆችም እንዲያነቡት ብዬ በግልጽ ልጻፈው ወሰንኩ።

ልጄ ስድስተኛ ክፍልን ስትጨርስ ትምህርት ቤቷን የምትወድ ልጅ ነበረች። የደረጃ ተማሪ ነበረች ለማለት አይደለም። ግን ጠዋት ሳልቀሰቅሳት ትነሳለች፣ ደብተሮቿን ራሷ ትሸፍናለች፣ ማታ ደግሞ መምህሯ ያለችውን፣ ማን ከማን እንደተጣላና ማን እንደታረቀ ሳልጠይቃት ትዘረግፍልኛለች። ሰባተኛ ገባች። በሦስተኛው ሳምንት ሆዴን አመመኝ ማለት ጀመረች። የበላችው ነገር መስሎኝ ነበር። በኋላ ልብ ብዬ ሳየው ሕመሙ የሚነሳው ሰኞ ሰኞ ነው፤ ዓርብ ከሰዓት የለም። ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። መረመራትና ምንም የለባትም አለኝ።

አንድ ማታ ቦርሳዋን ሳስተካክል የሒሳብ ደብተሯን የጀርባ ሽፋን ገለጥኩ። የክፍለ ጊዜ ፕሮግራሟን በእርሳስ ጽፋዋለች። ተጽፎ፣ ጠፍቶ፣ እንደገና ተጽፎ ወረቀቱ ሳስቷል። የመምህራኑ ስም መኖር ባለበት ቦታ ስም የለም። «የሒሳቡ»፣ «ረጅሙ»፣ «መነጽር ያላት»፣ «የሚቆጣው» ይላል። ስማቸውን አታውቂም እንዴ አልኳት። «አንዳንዶቹን ረሳሁ» አለች። እነሱስ ያንቺን ያውቃሉ? ትንሽ ዝም አለችና «አንዷ ታውቃለች፣ አቴንዳንስ ስትጠራ» አለችኝ።

ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ወላጅ ሲጠራ ሄድኩ። «ውጤቷ ወርዷል፣ ሰነፍ ሆናለች፣ ስልክ ቀንሱላት» ተባልኩ። ስልክ የላትም። ይህን የነገረኝ መምህር ክፉ ሰው አይደለም። በሳምንት ስንት ክፍል ገብቶ እንደሚወጣ፣ ስንት ደብተር እንደሚያርም ሲነግረኝ እኔው አዘንኩለት። ከዚያ ሁሉ ልጅ መሃል የእኔን ለይቶ የሚያውቅበት ጊዜ የለውም። እሱን ልወቅሰው አልችልም። አሠራሩ ነው እንዲህ ያደረገው፤ አሠራር የሚቀይረው ደግሞ የእርስዎ ቢሮ ስለሆነ ነው ለእርስዎ የጻፍኩት።

እኔም ጥፋት አለብኝ። የመጀመሪያውን ወር ሙሉ የተቆጣኋት እኔ ነኝ። «ምን ነካሽ፣ ድሮ እንዲህ አልነበርሽም» እላት ነበር። እሷ ደግሞ ምን እንደነካት ብታውቅ ኖሮ ትነግረኝ ነበር።

እስቲ በአንድ የዕረፍት ጊዜ ውስጥ ምን እንደሚለወጥ ያስቡት። አንደኛ ደረጃ እያለ ልጁ የሚያውቀው መምህር ነበረው። ሲያኮርፍ ያወቀበት፣ ፈተና ሲደርስ እጁ እንደሚያልበው የገባው፣ ወንድም ሲወለድለት የሰማ መምህር። መካከለኛ ደረጃ ሲገባ ለየትምህርቱ የተለየ ሰው ይመጣል። እያንዳንዱ የራሱ ሕግ አለው። አንዱ ካልተሰመረ ደብተር አላይም ይላል፣ ሌላዋ የቤት ሥራ በወረቀት ካልሆነ አትቀበልም፣ ሦስተኛው ጭራሽ አይሰበስብም። ልጁ ትምህርቱን ከመማሩ በፊት የመምህራኑን ጠባይ መማር አለበት። የቤት ሥራውም እንዲሁ ነው፤ አንዱ መምህር ሌላው ምን እንደሰጠ ስለማያውቅ አንድ ማታ ምንም የለም፣ በማግስቱ አራት ይደራረባል። ትናንት የግቢው ትልቅ የነበረው፣ ታናናሾቹን የሚያሰልፈው ልጅ ዛሬ የሁሉ ትንሽ ሆኖ በኮሪደር ይገፈተራል። ጓደኞቹም በየሴክሽኑ ተበትነዋል።

ይህ ሁሉ የሚመጣው ሰውነታቸው በሚለወጥበት ዕድሜ ነው። ሴቷ የወር አበባ ታያለች፣ የወንዱ ድምፅ ይጎረንናል፣ ሁለቱም ሰው ሁሉ የሚያያቸው ይመስላቸዋል። እንቅልፋቸው እንኳ ይለወጣል። ጉርምስና ሲጀምር የሰውነት ሰዓት ወደ ሌሊት ስለሚገፋ ልጁ በጊዜ ጋደም ቢልም እንቅልፍ ቶሎ አይመጣለትም፣ ጠዋት ደግሞ እንቅልፉን ሳይጠግብ ይቀሰቀሳል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2014 መካከለኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከጠዋቱ 2፡30 በፊት ትምህርት እንዳይጀምሩ የመከረው ለዚህ ነው። የመግቢያ ሰዓት ራሱን የቻለ ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አልገባበትም። ያነሳሁት አንደኛው ክፍለ ጊዜ ላይ የሚያንቀላፋውን ልጅ ሰነፍ ከማለታችን በፊት ይህን እንድናውቅ ነው።

ዣክሊን ኤክልስ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት ጽሑፍ ነገሩን ቁልጭ አድርገው አስቀምጠውታል። ሳነበው ስለ እኔ ቤት የተጻፈ ነው የመሰለኝ። ልጁ በዚህ ዕድሜ ራሱ መወሰን ይፈልጋል፤ ትምህርት ቤቱ ግን ልክ በዚያን ጊዜ ቁጥጥሩን ያጠብቅበታል። ከወላጁ ሌላ የሚያምነው አዋቂ ሰው ይፈልጋል፤ ትምህርት ቤቱ መምህሩን ያርቅበታል። ሰው ፊት ማፈርን ከምንም በላይ ይፈራል፤ ልክ ያን ጊዜ ከሌሎች ጋር መወዳደሩና መመዘኑ ይበዛበታል። ስለዚህ ፍላጎቱ ሲቀንስና ውጤቱ ሲወርድ ችግሩን ልጁ ውስጥ ብቻ መፈለግ የለብንም ነው የሚሉት፤ ዕድሜውና ትምህርት ቤቱ አልገጠሙም።

«ይለምዱታል» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። እኔም ብዬዋለሁ። እውነት ነው፣ ብዙ ልጅ ይለምዳል። ግን ጥናቶቹ የሚያሳዩት ሌላም ነገር አለ። በኒው ዮርክ ከተማ ትምህርት ቤቶች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ጥናት ወደ መካከለኛ ደረጃ የተዛወሩ ልጆችን እስከ ስምንተኛ ክፍል በዚያው ትምህርት ቤት ከቆዩት ጋር አነጻጽሯል። የተዛወሩት በሒሳብም በእንግሊዝኛም ውጤታቸው በተዛወሩበት ዓመት ቁልቁል ወርዷል። ከሦስት ዓመት በኋላ በፍሎሪዳ ላይ የወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ ጉዳቱ በዚያው ዓመት ሳያበቃ እስከ አሥረኛ ክፍል እንደሚከተላቸው አሳይቷል። አንድ ዓመት ሲወድቅ የቆየ ልጅ «እኔ ጎበዝ አይደለሁም» ብሎ ያምናል፣ ይህን እምነት ይዞ ነው ወደሚቀጥለው ክፍል የሚያልፈው። እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ነው።

መካከለኛ ደረጃ ይፍረስ እያልኩ አይደለም። እንዲያውም ሲጀመር የታሰበው በጎ ነበር። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1909 በአሜሪካ ኮሎምበስ ከተማ ሲከፈት፣ አንዱ ዓላማ ልጆች ከታችኛው ወደ ላይኛው ደረጃ ሲሻገሩ እንዳይደናገጡና ትምህርት እንዳያቋርጡ ነበር። መሸጋገሪያ እንዲሆን ነው የተሠራው። መሸጋገሪያው ራሱ ልጆቹን እንዳይጥል ማድረግ ደግሞ ይቻላል፣ ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም።

በማዲሰን ከተማ፣ ዊስኮንሲን፣ የተደረገውን ልንገርዎት። ተመራማሪዎች በከተማው ባሉት 11 መካከለኛ ትምህርት ቤቶች ገና ለገቡ ከ1,300 በላይ ተማሪዎች አጫጭር የንባብና የጽሑፍ ሥራ አዘጋጁ። በእያንዳንዱ ጊዜ ሩብ ሰዓት ያህል ነው። ልጆቹ ከእነሱ በፊት ያለፉ ተማሪዎች የተናገሩትን ያነባሉ፦ እኔም መጀመሪያ ብቸኛ የሆንኩ መስሎኝ ነበር፣ መምህራኑ አይረዱኝም ብዬ ነበር፣ ቀስ በቀስ ግን ቀለለኝ የሚል ዓይነት። ከዚያ የራሳቸውን ይጽፋሉ። በቃ፣ ይኸው ነው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ሲታተም ይህን ካልሠሩት ጋር ሲነጻጸር የዲሲፕሊን ጥፋት በ34 ከመቶ፣ የመውደቂያ ውጤት በ18 ከመቶ ቀንሶ ተገኘ። ከትምህርት መቅረትም ቀነሰ። «ይህ የሁሉም ችግር ነው፣ ደግሞም ያልፋል» የሚል ቃል በጊዜው ስለደረሳቸው ነው። ለእኔ ልጅ ይህን ማንም አልነገራትም። በትምህርት ቤቱ የጠፋችው እሷ ብቻ መስሏት ነበር።

አሁን ወደምጠይቅዎት ልምጣ። ብዙ ነገር መጠየቅ ይቻላል፤ እኔ አንዱን ነው አጥብቄ የምለምነው። ሰባተኛ ክፍል የሚገባ እያንዳንዱ ልጅ በስሙ የሚያውቀው አንድ አዋቂ ሰው በትምህርት ቤቱ ይመደብለት። የክፍል ኃላፊ መምህር አለ ይሉኝ ይሆናል። አዎ አለ። ግን የክፍል ኃላፊው ሥራ አቴንዳንስ መያዝና ካርድ መሙላት ሆኖ ቀርቷል። ከልጆቹ ጋር የሚነጋገርበት ክፍለ ጊዜ በፕሮግራሙ ላይ የለም። ይህ ይጻፍለት። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ከእያንዳንዱ ልጅ ጋር ለብቻ አሥር ደቂቃ ይቀመጥ። ሂሳቡን ሠርቼዋለሁ፤ ለሠላሳ ልጅ አምስት ሰዓት ነው፣ ልጆቹ ስልሳ ቢሆኑ አሥር ሰዓት። በዓመት አሥር ሰዓት! መምህሩ በትርፍ ጊዜው በነጻ ይሥራ ማለቴም አይደለም። ከሚያስተምረው ክፍለ ጊዜ ተቀንሶ ይሰጠው፣ እንደ ሥራ ይቆጠርለት።

በእነዚያ አሥር ደቂቃዎች ውስጥ ስለ ውጤት አይጠየቅም። ከማን ጋር ነው የምትመጪው? ዕረፍት ላይ የት ነው የምትቀመጪው? የቱ ክፍለ ጊዜ ይከብድሻል? ዕረፍት ላይ ሽንት ቤት ውስጥ የምትቀመጥ ልጅ አለች፣ ሌላ የምትሄድበት ስለሌላት። ይህን የሚያውቅ የጠየቃት ሰው ብቻ ነው።

ሌላው ከዚህ ጋር አብሮ የሚመጣ ነው። ልጆቹ ስድስተኛ ክፍልን ሳይጨርሱ አንድ ቀን አዲሱን ግቢ ሄደው ይዩት፤ ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ፣ ደወሉ ምን እንደሚመስል ይወቁት። የስድስተኛ ክፍል መምህራን ስለ እያንዳንዱ ልጅ ግማሽ ገጽ ጽፈው ይላኩ፤ ማርኩማ ካርዱ ላይ አለ፣ «ሲጨንቃት ዝም ትላለች፣ ጠጋ ብላችሁ ጠይቋት» የሚል ዓይነት ነገር ነው የሚያስፈልገው። ሴክሽን ሲደለደል ቢያንስ አንድ የሚያውቁት ጓደኛ አብሯቸው ይሁን። በስታፍ ክፍሉ ግድግዳ ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፎ መምህራኑ የሚሰጡትን የቤት ሥራና የፈተና ቀን ይጻፉበት፣ እንዳይደራረብ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፈተናም ከሚመዘገብ ማርክ ይልቅ ልጁ የት ላይ እንደቆመ ለማወቅ ይሁን።

አንድ ነገር ሳልነግርዎት ብቀር ፍትሐዊ አይሆንም። ልጄ አሁን ተሽሏታል። በሁለተኛው ሴሚስተር አንዷ መምህሯ በር ላይ አግኝታት ስሟን ጠርታ «ሆድሽን ተሻለሽ?» አለቻት። እቤት ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ ነው የነገረችኝ። ሦስት ጊዜ ነገረችኝ። ከዚያ በኋላ ሰኞ አንድ ቀን ሳያማት አለፈ፣ ቀጥሎ ሌላ ሰኞ። ደብተሯ ሽፋን ላይ «መነጽር ያላት» የሚለውን አጥፍታ የመምህርቷን ስም ጽፋበታለች። ለዚያች መምህርት ምስጋናዬን በግንባር ነግሬያታለሁ።

ግን ያንን እንድታደርግ ማንም አላዘዛትም፣ ጊዜም አልተሰጣትም። በአጋጣሚ ነው። ከእኔ ልጅ ጎን የምትቀመጠውን ልጅ የጠየቃት ሰው ይኑር አይኑር አላውቅም፤ ከሁለተኛው ሴሚስተር ጀምሮ ወንበሯ ባዶ ነው ትለኛለች ልጄ።

የሚቀጥለው ዓመት ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት መልስዎን እጠብቃለሁ። ታናሽ ወንድሟ አሁን ስድስተኛ ክፍል ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የሁለት ልጆች እናት