የሠሪዋስ ስም የት ሄደ?

ውድ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሳምንት ስለ አዳዲስ ጌጦች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከጎማ፣ ከቆርኪ፣ ከአሮጌ ሽቦ የተሠሩ ጉትቻዎችና አምባሮች ፎቶ ነበረበት። እኔም የዚሁ ሥራ ሰው ስለሆንኩ መጀመሪያ ደስ አለኝ። ጋዜጣውን አጥፌ ካስቀመጥኩት በኋላ ግን አንድ ነገር አልዋጥልኝ አለ። በሦስቱም ፎቶ ሥር "ከቆሻሻ የተሠራ ጌጥ" ይላል። የሠሪዋ ስም የለም። ጌጡ እንዴት እንደተሠራም አንድ መስመር አልተጻፈም።

የምኖረው ካራ ቆሬ ነው። ከአየር ጤና ወደ ሰበታ በሚወስደው መንገድ የጭነት መኪና ስለሚበዛ ጎሚስታ አይጠፋም፣ እኔም አብዛኛውን ዕቃዬን የማገኘው ከነሱ ነው። መለጠፍ የማያድነው ከመነዳሪ ሲኖር ያስቀምጡልኛል። መዳብ ስፈልግ ቆራሌዎቹን ሰፈር ውስጥ እጠብቃለሁ፣ ካጣሁ ደግሞ መርካቶ ምናለሽ ተራ እወርዳለሁ። እዚያ ያልተፈታ ሬዲዮ፣ ያልተበተነ ኮምፒውተር የለም።

ከመነዳሪ ሲመጣልኝ ውስጡ ነጭ ዱቄት አለው። ዱቄቱ እስኪለቅ በሳሙና ደጋግሜ አጥበዋለሁ። የማሰጣው ጥላ ላይ ነው፣ ጎማ ፀሐይ ከመታው ይሰነጣጠቃል። ከዚያ ምላጩን ውሃ እያስነካሁ እቆርጣለሁ። ደረቅ ምላጭ ጎማው ላይ ስለሚይዝ ጠርዙ ይበላሻል። ለአንድ የአንገት ጌጥ ከመቶ በላይ ቀጫጭን ክር እቆርጣለሁ፣ ጥቂቶቹ እንኳ ከሌሎቹ ትንሽ ወፈር ካሉ ጌጡ አንገት ላይ ሲውል ወደ አንድ ጎን ይጣመማል፣ ያኔ ሁሉንም ፈትቶ እንደገና መጀመር ነው። ይህን ያወቅሁት ሦስት ጌጥ ካበላሸሁ በኋላ ነው።

መዳብ ሌላ ጠባይ አለው። በመዶሻ በመታሁት ቁጥር እየደነደነ ይሄዳል፣ ዝም ብዬ ብቀጥል ይሰነጠቃል። ስለዚህ ደብዘዝ ያለ ቀይ እስኪሆን አግለዋለሁ፣ ውሃ ውስጥ እነክረዋለሁ፣ መልሶ ይለሰልሳል። ከኤሌክትሪክ ገመድ የማወጣውን መዳብ ፕላስቲኩን በእሳት አላነድም። ጭሱ መርዝ ነው፣ ጎረቤቴም ሕፃናት አሉ። በምላጭ እየላጥኩ አወጣዋለሁ፣ ለዚህ ነው አውራ ጣቴ ሁልጊዜ በፕላስተር የሚታሸገው። መዳብ ላብ ሲነካው ቆዳ አረንጓዴ ስለሚያደርግ በመጨረሻ በሰም አሸዋለሁ። ጆሮ ውስጥ የሚገባውን ሽቦ ግን ምንጊዜም ከብር ነው የምሠራው። ከምን እንደተሠራ የማላውቀውን ብረት ሰው ጆሮ ውስጥ አላስገባም።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት እንድታዝኑልኝ አይደለም። ጋዜጣችሁ ላይ ባነበው ደስ የሚለኝ ይህ ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ ባዛር ላይ ቦታ ተከራይቼ ነበር። ብር ሠሪዎቹን አንድ ረድፍ፣ የቆዳ ቦርሳ የሚሠሩትን ሌላ ረድፍ አደረጓቸው። እኔን "የአካባቢ ጽዳት" የሚል ጽሑፍ ሥር፣ ከማዳበሪያ ሻጮች ጎን አስቀመጡኝ። አንዲት እናት መጡና የከመነዳሪውን ጌጥ አነሡ። አንገታቸው ላይ አድርገው መስታወት አዩ። በጣም አማረባቸው፣ እሳቸውም አውቀውታል። ከዚያ ከምን እንደሆነ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው።

"ውይ ልጄ! ለከመነዳሪ ነው እንዴ 900 ብር የምትጠሪው?"

አውልቀው መልሰው አስቀመጡት። አልተቀየምኳቸውም። ከጠረጴዛዬ በላይ የተሰቀለው ጽሑፍ ጽዳት ነው የሚለው፣ ጌጥ አላለም። ያ ጌጥ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል።

ማታ ቤት ገብቼ የአያቴን መስቀል አወጣሁ። ከማርትሬዛ ብር ቀልጦ የተሠራ ነው። ማርትሬዛ 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ከመቶ 83 እጁ ብር ነው፣ መቼም ይመታ መቼ ላዩ ላይ 1780 የሚል የፈረንጅ ዓመት አለው። የኛ አንጥረኞች ይህን ገንዘብ እያቀለጡ ነው ድሪውን፣ አምባሩን፣ አልቦውን ሲሠሩ የኖሩት። ታዲያ የአያቴን መስቀል አይቶ "ከአሮጌ ሳንቲም የተሠራ" የሚል ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። መስቀል ነው የሚሉት። አንገታችን ላይ የምናስረው ማተብስ ቢሆን ክር አይደል? ክሩ ስንት ብር ያወጣል ብሎ የጠየቀ ሰው የለም።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። ኦሞ ወንዝ ዳር ያሉት የዳሰነች ሴቶች ከቢራና ከለስላሳ ቆርኪ፣ ከአሮጌ የሰዓት ማሰሪያ የጭንቅላት ጌጥ ይሠራሉ። ቆርኪዎቹ ጥቅጥቅ ብለው ሲደረደሩ እንደ ፀጉር ወርደው ፊትን ይከባሉ። ቱሪስቱ ፎቶ አንሥቶ ይሄዳል፣ ፎቶው ሥር የሚቀመጠው የፎቶ አንሺው ስም ነው።

እዚህ እንጦጦ ሥር ደግሞ የጥይት ቀለህ አቅልጠው ጌጥ የሚሠሩ እናቶች አሉ። ቀለህ መዳብና ዚንክ የተቀላቀለበት ነሐስ ነው። እሳቱ ሲበዛበት ዚንኩ ነጭ ጭስ ሆኖ ይወጣል፣ ያን ጭስ የተነፈሰ ሰው ማታ ብርድ ብርድ ይለዋል። እሳቱን መቆጣጠር ትልቅ ሙያ ነው። ስለነሱ ያነበብኩት ሁሉ የሚጀምረው ግን ከበሽታቸው፣ ከኤችአይቪ ነው፣ የሚያልቀውም "እንርዳቸው" በሚል ነው። ጌጡ ያምራል ወይ ብሎ የጻፈ አላጋጠመኝም። ያምራል። ክብደቱ ቀላል ነው፣ ሳይወለወል እንኳ ሞቅ ያለ ቀለም አለው።

አርቲስቱን ኤልያስ ስሜን እዩት። ከኮምፒውተር ሰሌዳና ከሽቦ ግድግዳ የሚሞላ ሥራ ይሠራል። ዕቃውን የሚያገኘው እኔም ከምሄድበት ከመርካቶ ነው። ሲጻፍ ግን ስሙ ይቀድማል፣ ሽቦው ኋላ ይመጣል። ቤተልሔም ጥላሁንም በፈረንጆቹ 2004 ዘነበወርቅ ላይ የጫማ ድርጅቷን ሶል ሬብልስን ስትጀምር የያዘችው ሁላችንም የምናውቀውን የበረባሶ ጎማ ነበር። ዛሬ ስሟን የማያውቅ የለም። ከዘነበወርቅ እኔ ጋ በታክሲ ቅርብ ነው።

በቅርቡ ደግሞ ስልኬ ላይ አንድ ነገር አይቼ እንቅልፍ አጣሁ። ኦቶ ኩንዝሊ የሚባል የስዊዘርላንድ ጌጥ ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1980 ጥቁር የጎማ አምባር ሠራ። ውስጡ የወርቅ ኳስ ቀብሮበታል። ከውጭ የሚታየው እብጠቷ ብቻ ናት። ወርቁን ላረጋግጥ ያለ ሰው ጎማውን መቅደድ አለበት፣ ከቀደደው ደግሞ አምባሩ የለም። ስሙን "ወርቅ ያሳውራል" አለው። እኔ በየቀኑ የምቆርጠውን ጎማ ሌላ ሰው እንደዚህ አስቦበት ነበር ማለት ነው! እኛም የምናስበው ነገር አለን፣ የሚጠይቀን ነው የጠፋው።

"ቆሻሻ" የሚለው ቃል እዚህ አካባቢ ከሌላው ቦታ ይበልጥ ይከብዳል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የከተማው ቆሻሻ መጣያ ቆሼ ተደርምሶ ከ110 ሰው በላይ አለቀ። ከነሱ መካከል ዕቃ እየለቀሙ የሚኖሩ ነበሩ። የእኔ ደንበኞች "ይሄ ከቆሼ ነው?" እያሉ እንደ ቀልድ ሲጠይቁኝ መልስ ያጥረኛል። በዚያ ቃል ጌጥ መሸጥ አልፈልግም።

አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው። ያኔ ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ፋቂው ነበር የሚሰደበው። እናንተ አልሰደባችሁንም፣ ይህን አውቃለሁ፣ ጸሐፊውም በጎ አስቦ ነው የጻፈው። ግን ስማችንን ስትተዉት እኛ እንጠፋና ጎማው ብቻ ይቀራል።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው። ያለፉትን ሦስት ፎቶዎች ሠሪዎች ፈልጋችሁ በሚቀጥለው እትም ስማቸውን አውጡልን። ከሦስቱ አንዱ፣ የቆርኪው አምባር፣ የማን እንደሆነ አውቃለሁ፣ ከፈለጋችሁ አገናኛችኋለሁ። ጋዜጠኛ ስትልኩም ቢያንስ ግማሽ ቀን ይቀመጥ፣ ምላጩን ይዞ ይሞክረው። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት ነኝ። ካራ ቆሬ ደርሳችሁ ጎሚስታዎቹን "ከመነዳሪ የምትወስደዋ ልጅ" ብትሏቸው ቤቴን ያሳዩዋችኋል።

አክባሪያችሁ፣
ጌጥ ሠሪዋ፣ ከካራ ቆሬ